ሪኮል የተደረገ የላፕቶፕ ባትሪ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ ምትክ ማግኘት

ሐረጎ፦
ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ኮምቦልቻ አንድ ቢሮ ውስጥ ኤችፒ ፕሮቡክ 640 ጂ2 ላፕቶፖች አሉ፤ ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የገቡ ናቸው፣ ደረሰኝ የላቸውም። ሁለቱ ቻርጀር ተሰክቶባቸው በደንብ ይሠራሉ፤ ባትሪያቸው ግን 0 ፐርሰንት ላይ ተገትሮ ወይ ንቅንቅ። ሌላ ቻርጀር ተሞክሮም ያው ነው። የዚህ ሞዴል ባትሪ ሪኮል ተደርጓል (ሙቀትና እሳት ስለሚያሰጋ አምራቹ መልሶ ጠርቶታል) ይባላል። እነዚህ ከዚያ ውስጥ መሆናቸው በምን ይታወቃል? ያለ ደረሰኝስ ምትክ ይሰጣል ወይ? እስከዚያው መጠቀም ይቻላል? አሮጌውን ባትሪ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ መላክስ?

ጦሳ ማዶ፦
ሰላም ሐረጎ። 0 ላይ መገተሩ ራሱ ጥሩ ፍንጭ ነው። ኤችፒ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የባትሪ ሪኮል ሲያውጅ የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) ማሻሻያም አብሮ ለቋል። ማሻሻያው የተጫነበት ማሽን ሲነሳ ባትሪውን ከሪኮሉ ውስጥ ሆኖ ካገኘው «ባተሪ ሴፍቲ ሞድ» ውስጥ ልግባ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ከተባለ ባትሪው የያዘውን ቻርጅ እንዲያራግፍ ይደረጋል፣ ከዚያ በኋላ አይሞላም፤ ላፕቶፑ በቻርጀር ብቻ ይሠራል። ያገለገለ ማሽን ሲሆን እሺ ያለው የቀድሞው ባለቤት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ማሽን ቻርጀር ብትቀይርለት፣ የቻርጅ መሰኪያውን ብታስበይደው፣ ማዘርቦርዱን ብታስነካው ገንዘብህ ነው የሚያልቀው። እርግጥ ዕድሜው አልቆ የሞተ ባትሪም እንዲሁ 0 ላይ ሊቆም ስለሚችል ማጣራቱ ግድ ነው።

በ2018ቱ ጥሪ የተካተቱት ፕሮቡክ 640፣ 645፣ 650 እና 655 (ጂ2 እና ጂ3)፣ ዜድቡክ 17 ጂ3 እና ጂ4፣ ዜድቡክ ስቱዲዮ ጂ3፣ ኤክስ360 310 ጂ2፣ ፓቪሊዮን ኤክስ360፣ ኤንቪ ኤም6 እና ኤችፒ 11 ናቸው። ከዲሴምበር 2015 እስከ ዲሴምበር 2017 የተሸጡትን ይመለከታል፤ ለብቻቸው እንደ መለዋወጫ የተሸጡ ባትሪዎችም አሉበት። በጃንዋሪ 2019 ደግሞ ጥሪው ሰፍቷል፤ ስለዚህ በ2018 ተጣርቶ «ነፃ ነው» የተባለ ባትሪም ዳግም ይታይ።

ልብ በል፣ የሞዴሉ ስም ብቻውን ምንም አይነግርህም። ሁለት አንድ ዓይነት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተቀምጠው የአንዱ ባትሪ ጥሪው ውስጥ ሊኖር፣ የሌላው ላይኖር ይችላል። ያገለገለ ማሽን ላይ ባትሪው ቀድሞ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የላፕቶፑ ሴሪያል ቁጥርም ብቻውን አይበቃም። የሚያጣራው የባትሪው ባርኮድ ነው። ኤችፒ ለዚሁ ያዘጋጀው የባትሪ ማረጋገጫ ፕሮግራም አለ፤ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ላፕቶፑን ሳትፈታ ባርኮዱን ከባትሪው ቺፕ አንብቦ ውጤቱን ይነግርሃል። ፕሮግራሙ ካልሠራ ማሽኑን አጥፍተህ፣ ቻርጀሩን ነቅለህ፣ የታች ክዳኑን ፈትተህ በባትሪው ላይ ያለውን ባርኮድ ፎቶ አንሳና ቁጥሩን በድርጅቱ የሪኮል ገጽ ላይ በእጅ አስገባ። ዜሮንና «ኦ»ን፣ ስምንትንና «ቢ»ን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ፎቶውን አጉልቶ ማየት ይረዳል።

ሰኞ ገበያ፦
ለደረሰኙ አብሽር። ሪኮልና ዋስትና አንድ አይደሉም። ዋስትናው ያለቀ፣ ሦስተኛ እጅ የገባ ማሽን ቢሆንም ባትሪው ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ምትኩ በነፃ ነው። የሚታየው ባርኮዱ ነው።

አመልካቹ ሊያዘጋጅ የሚገባው የላፕቶፑ ሴሪያል ቁጥርና የምርት ቁጥር (ከታች ያለው መለያ ላይ አሉ፤ ከጠፋ ባዮስ ውስጥ ይገኛሉ)፣ የባትሪው ባርኮድና ፎቶው፣ ሙሉ ስም፣ ኢሜይልና በ+251 የሚጀምር ስልክ ነው። አገር ሲጠየቅ አሁን የምትኖርበት ይሞላ፤ ማሽኑ አሜሪካ ወይ ዱባይ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል፣ ባትሪው የሚደርሰው ግን እዚህ ነው። አድራሻ ላይ «ፒያሳ፣ ከባንኩ ጎን» ብሎ መተው ዕቃ ያስቀራል። ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የሚታወቅ ምልክትና ፖስታ ሳጥን ቁጥር ይጻፍ። ቅጹ የፖስታ ኮድ ካልተሞላ አልፍም ካለ ወደ ድጋፍ ክፍሉ ጽፎ ጉዳዩን በእጅ ማስመዝገብ ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት ልምጣ። የ640 ጂ2 ባትሪ በክዳኑ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ ኤችፒ ብዙውን ጊዜ ተጠቃሚው ራሱ እንዲቀይረው አይፈልግም፤ ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ያስቀይራል። ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ይህ ማለት አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠየቅ፦ ቅርቡ የአገልግሎት ማዕከል የት ነው? ላፕቶፑ ከነባትሪው ይምጣ ወይስ ያለ ባትሪ? አሮጌው ባትሪ ለማን ይሰጣል? የጉዳይ ቁጥር ሲሰጥ መዝግቦ መያዝ ነው፤ ያለ እሱ ማንም ደውሎ አያስረዳህም። ማረጋገጫ ኢሜይሉንም ማተም ያስፈልጋል፤ ባትሪው በኩሪየር ከመጣ ጉምሩክ ላይ «ይህ በነፃ የተላከ ምትክ ነው» ለማለት የምታሳየው እሱን ነው።

ደግሞም ለሪኮል ምትክ ክፍያ የለም። «ባትሪህ ሪኮል ሆኗል፣ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ብር ላክ» የሚል መልእክት ሌብነት ነው። በቴሌግራም የሚዞር ሊንክ ከመጫን የድርጅቱን ድረ ገጽ ራስህ ጽፈህ ገብተህ ድጋፍ የሚለው ሥር ፈልግ።

የጢጣዋ፦
ስለ ማክቡክም ብትነግሩን ደስ ይለኛል። 15 ኢንቹ የ2015 ማክቡክ ፕሮ ሪኮል አለበት ይባላል፤ 13 ኢንቹስ?

ጦሳ ማዶ፦
እህቴ፣ 13 ኢንቹ የለበትም። አፕል በጁን 2019 ያወጣው ጥሪ 15 ኢንች ሬቲና ማክቡክ ፕሮ የ2015 አጋማሽ የሚባለውን ብቻ ይመለከታል፤ በዋናነት ከሴፕቴምበር 2015 እስከ ፌብሩዋሪ 2017 የተሸጡትን። የ2014ቱ መልኩ ያው ስለሆነ በዓይን አይለይም። ከላይ በግራ ያለውን የአፕል ምልክት ነክተሽ «አባውት ዚስ ማክ» ስትከፍቺ ዓመቱና ሴሪያል ቁጥሩ ይወጣል፤ ያንን ቁጥር አፕል የሪኮል ገጽ ላይ ማስገባት ነው። ውስጥ ከሆነ ማሽኑ ይጥፋ፤ ቻርጅ እየተደረገ እንዳያድር።

የዚህ ባትሪ አቅም 99.5 ዋት ሰዓት (የሚይዘው የኃይል መጠን) ነው፤ የላፕቶፑ የላይኛው አካል ላይ በማጣበቂያ ተለጥፏል። በጠፍጣፋ ብረት ፈልቅቆ ማንሳት ሴሉን (ኃይሉን የሚይዘውን የባትሪውን ክፍል) ያጥፈዋል ወይ ይበሳዋል፣ ያኔ እሳት ነው። 10ሩን ባለ አምስት ጥርስ ብሎን ፈትቶ የባትሪውን መሰኪያ ብቻ መንቀል ይቻላል፤ ባትሪው ግን እዚያው ስለሚቀር አደጋውን አያስቀረውም። ባትሪው ተነቅሎ በቻርጀር ብቻ ሲሠራ ደግሞ ማክ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት በጣም ዝቅ ያደርጋል፤ «ማሽኑ ተበላሸ» አትበይ።

ቧንቧ ውሃ፦
ስለ ማጓጓዣው እኔ ልመልስ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ።

ሪኮል የተደረገ፣ የተጎዳ ወይም ያበጠ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን በፍጹም አይጫንም። በእጅ ሻንጣም፣ በሚጫን ሻንጣም፣ በካርጎም፣ በፖስታም። የ15 ኢንቹ ማክቡክም ባትሪው ካልተቀየረ ከኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ይዘውት አይሳፈሩም። ባትሪው የወጣለት ላፕቶፕ ግን ባዶ ዕቃ ነው፣ መብረር ይችላል።

ጤነኛ አዲስ ባትሪ ሲሆን ሕጉ ሌላ ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው መለዋወጫ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፣ በሚጫን ሻንጣ ግን አይፈቀድም። ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠይቃል። መሰኪያው በቴፕ ይሸፈን፣ ቢቻል በመጣበት ካርቶን ውስጥ ይሁን። ለብቻው በካርጎ የሚላክ የሊቲየም አዮን ባትሪ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ተከልክሏል፤ በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ሲሄድም ቻርጁ ከ30 ፐርሰንት መብለጥ የለበትም። ከውጭ የታዘዘ ባትሪ የሚዘገየው ወይም «ወደዚህ አገር አንልክም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሻጩ ስንፍና ብቻ አይደለም።

ሐረጎ፣ ለአውቶቡሱ መልሴ አይሆንም ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። የዕቃ መጫኛው ሻንጣ በሻንጣ ተደራርቦ የሚነቃነቅበት፣ የሚሞቅበት ቦታ ነው፤ ቢጨስ የሚያየው የለም። በላዩ ሰው ተቀምጧል። የግድ መሄድ ካለበት ባትሪው ያላበጠ ሆኖ፣ ቻርጁ ተራግፎ፣ ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ (እንቅልፍ ላይ ሳይሆን)፣ ባለቤቱ አጠገቡ ይዞት በመኪና ይሂድ። ያበጠ ከሆነ ከቦታው አይንቀሳቀስ፣ ጠጋኙ ይምጣ ወይም ላፕቶፑ ያለ ባትሪ ይሂድ።

ሸዋ በር፦
ይህን ሁሉ ከመድከም ፒያሳ ሴሉን ማስቀየር አይቀልም? መያዣው ያው ነው፣ ሴል ደግሞ ይገኛል።

ጦሳ ማዶ፦
ሸዋ በር፣ ተነቃይ በሆነ አሮጌ ባትሪ ላይ ሲሠራ ይታያል፤ ሪኮል ውስጥ ላለ ባትሪ ግን አይሆንም። ምክንያቱን ልዘርዝረው።

ሪኮሉን የሚያውቀው ማሽኑ ከባትሪው ቺፕ ባነበበው መለያ ነው። ሴሉ ተቀይሮ ቺፑ ከቀረ ባዮሱ አሁንም ያንኑ የተጠራ ባትሪ ነው የሚያየው፤ ሴፍቲ ሞዱ አይለቀውም። በተጨማሪ ብዙ የባትሪ ሰርኪዩቶች ሴል ሲነቀል ብልሽት ተከሰተ ብለው ራሳቸውን ይቆልፋሉ፣ ያንን መክፈት የተለየ መሣሪያ ይጠይቃል። በካውያ መበየድም ሴሉን በሙቀት ይጎዳል፤ የፋብሪካው ማያያዣ በስፖት ብየዳ (በአንድ ነጥብ ላይ ለቅጽበት ብቻ በሚደረግ ብየዳ) የሚሠራው ለዚህ ነው። አቅማቸው የተለያየ ሴሎች በአንድ ጥቅል ሲገቡ ደካማው ቀድሞ ያልቃል፣ ከልክ በላይም ይራገፋል። ከሁሉ በላይ፣ በነፃ የሚገኘውን ምትክ ታጣለህ፤ የተፈለቀቀ ጥቅል ይዞ «ይህ የእናንተ ባትሪ ነው» ማለት ከባድ ነው።

የ640 ጂ2 ባትሪ እንደሆነ ጠፍጣፋ ባለ ከረጢት ሴል ነው እንጂ ባለ ቱቦ አይደለም፤ ከገበያ የሚገዛ ሴል ልኩ አይገጥምም።

ሐረጎ፦
ገባኝ። ምትኩ እስኪመጣ ያለ ባትሪ ስንሠራ መብራት ሲጠፋ ሥራው ሁሉ እየጠፋ ነው። ምን ይሻላል?

ሰኞ ገበያ፦
ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ)። ለአንድ ሁለት ላፕቶፕ 650 ቪኤ ይበቃል። ውስጡ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊድ አሲድ ባትሪ ነው ያለው፣ በስሌት 84 ዋት ሰዓት፤ ከብክነቱ ጋር 45 ዋት የሚጎትት አንድ ላፕቶፕ ግማሽ ሰዓት ከዚያም በላይ ያቆያል፣ የዩፒኤሱ ባትሪ ጤነኛ ከሆነ። ሱቅ ውስጥ ዓመት የተቀመጠ ዩፒኤስ ከተገዛ መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ይሞላ። ፕሪንተር ግን እንዳይሰካበት፣ ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ የሚስበው ዩፒኤሱን በአንዴ ይጥለዋል።

ሌላው የቻርጀሩ ዋት ነው። ባትሪ ሲኖር ላፕቶፑ ጫና ሲበዛበት ከባትሪው ይበደራል፤ ባትሪ ከሌለ የሚበደርበት የለውም። 65 ዋት የሚፈልገውን በ45 ዋት ቻርጀር ካሠራኸው ቪዲዮ ስትከፍት ወይ ብዙ ፋይል ስትጭን ድንገት ድርግም ይላል። ዜድቡክ 17 ላይ ደግሞ 200 ዋትና ከዚያ በላይ ነው የሚፈለገው፣ በፕሮቡክ ቻርጀር አይሞከርም። ባዮስ ማሻሻል ካለብህም ያለ ዩፒኤስ አትጀምር፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ነው የሚሞተው።

የጢጣዋ፦
ያበጠ መሆኑ በምን ይታወቃል? ቢያብጥስ የት ይቀመጥ?

ቧንቧ ውሃ፦
መጀመሪያ የሚናገረው ታችፓዱ ነው፤ ይነሳል፣ ሲጫኑት አይሰማም። ከዚያ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተስተካክሎ መቀመጥ ያቆማል፣ ክዳኑ አልገጥም ይላል፣ የክዳኑ ጠርዝ ይከፈታል። በዚያ ሰዓት አጥፊው፣ ቻርጀሩን ንቀይ፣ ዳግም አትሰኪው። በላዩ ዕቃ አትጫኚበት።

«ጋዙ ይውጣለት» ብሎ በመርፌ የሚበሳ ሰው አለ። ይህ መወገዝ ያለበት ሥራ ነው። ውስጡ ያለው ጋዝ የሚነድና የሚመርዝ ነው፤ መርፌው ደግሞ ሁለቱን የሴል ንጣፎች አገናኝቶ ሾርት ያደርገዋል፤ እሳቱ በሰከንድ ይነሳል።

የወጣ ባትሪ መሰኪያው በቴፕ ተሸፍኖ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ባልዲ ወይ ሸክላ ውስጥ፣ ከቤት ውጭ፣ ዝናብና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ክዳኑ ግጥም ተደርጎ አይታሸግ። እርጥብ አሸዋ አይሆንም። ከፍራሽ፣ ከከሰል፣ ከጋዝ ሲሊንደርና ከልጆች ይራቅ። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መጣል ወይም ከቆሻሻ ጋር ማቃጠል የሰፈር ልጆችን አደጋ ላይ መጣል ነው። ምትኩን የሚገጥመው ጠጋኝ አሮጌውን ተረክቦ እንዲሄድ አስቀድሞ መነጋገር ነው።

እሳት ከተነሳ ሰው ይውጣ፣ ጢሱን አትማጉ። በርቀት መድረስ ከተቻለ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ለላፕቶፕ ባትሪ ውሃ ይሆናል፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ያልነደዱትን ሴሎች ማቀዝቀዝ ነው። ነበልባሉ ጠፋ ብላችሁ ወዲያው አታንሱት፣ ደግሞ ይነሳል።

ሸዋ በር፦
እሺ፣ ተቀብያለሁ። ድርጅቱ «ባትሪው ዝርዝሩ ውስጥ የለም» ወይም «ወደ እናንተ አገር አንልክም» ቢልስ? ገዝቶ ለመተካት ምን ይታያል? ቲንክፓድ ቲ420ም አለብን።

ጦሳ ማዶ፦
ለ640 ጂ2 ባትሪው ላይ የተጻፈው ስም ሲአይ03ኤክስኤል ነው፤ 11.4 ቮልት፣ 48 ዋት ሰዓት። ስትገዛ በላፕቶፑ ስም ሳይሆን በባትሪው ስም ጠይቅ። ቮልቱ ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ 11.1 እና 11.4 የሚለውን አንድ ዓይነት ሦስት ረድፍ ሴል ሆኖ ታገኘዋለህ፣ 14.8 ግን አራት ረድፍ ነው፣ ቢገጥም እንኳ አይሰካም። አቅም ስታወዳድር ሚሊ አምፔሩን ትተህ ዋት ሰዓቱን ተመልከት፦ ቮልት ሲባዛ በአምፔር ሰዓት።

ለቲ420 መጀመሪያ ሪኮሉን አጣራ። ሌኖቮ በማርች 2014 ያወጣው ጥሪ ቲ410ን፣ ቲ420ን፣ ቲ510ን፣ ቲ520ን፣ ኤክስ220ን፣ ኤል420ንና ሌሎችንም ይነካል፤ በ2015 ሰፍቷል። ባትሪው ተነቃይ ስለሆነ ገልብጠህ ከባርኮዱ ሥር ያለውን ረጅም ቁጥር ታያለህ፤ ከአራተኛው ምልክት ጀምሮ 42ቲ4711፣ 42ቲ4798፣ 42ቲ4804 ወይም ከዚህ ቤተሰብ የሆነ ቁጥር ካለ ነቅለህ አስቀምጥና ሌኖቮ ገጽ ላይ አስገባ። በቻርጀር ብቻ ይሠራል።

ባለ ቱቦ ሴል ባትሪ ላይ ማታለል በሚዛን ይያዛል። አንድ 18650 የሚባለው ባለ ቱቦ ሴል ከ45 እስከ 48 ግራም ይመዝናል፤ ስድስቱ ብቻ 270 ግራም ይሞላሉ፣ ከመያዣው ጋር ከ300 ያልፋል። ስድስት ሴል ተብሎ ከ250 ግራም በታች የሆነ ባትሪ ውስጡ የጎደለ ወይም ሴሉ ደካማ ነው። የቅመማ ቅመም ሚዛን ይበቃል። ስድስት ሴል ሆኖ 8800 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍም ውሸት ነው፤ የዚህ ሴል ጣሪያ 3500 አካባቢ ስለሆነ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ሴሎች ከ7000 አያልፉም። ቲ430 እና ኤክስ230 ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ፤ ባዮሳቸው ኦሪጅናል ያልሆነ ባትሪ አልቀበልም ይላል። ቲ420 ይህ ችግር የለበትም።

ሱቁ ውስጥ ላፕቶፑን ይዘህ ሂድ፤ ገጥመህ ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተህ የፓወር ሲኤፍጂ የባትሪ ሪፖርት ትእዛዝ (powercfg /batteryreport) ስጥ። ሪፖርቱ «ዲዛይን ካፓሲቲ»ን (ሲሠራ የታሰበለትን አቅም) እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ»ን (አሁን ሲሞላ የሚይዘውን) በሚሊ ዋት ሰዓት ያወጣል። ለ48 ዋት ሰዓት ባትሪ 48,000 አካባቢ ነው የሚጠበቀው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በብዙ ካነሰ፣ ወይም «ሳይክል ካውንት» (ስንት ጊዜ ሞልቶ እንደተራገፈ የሚቆጥረው) መቶዎች ውስጥ ከሆነ፣ አዲስ ተብሎ የተሸጠልህ ያገለገለ ነው። ዓመታት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠና ገጥመኸው ፈጽሞ የማይነሳ ባትሪም አይወሰድ፤ ሴሉ ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ ከሆነ በቀጥታ ኤሌክትሪክ «ማስነሳት» የሚሉት ነገር ውስጡን ለሾርት ያጋልጠዋል።

ሐረጎ፦
አንድ ነገር ይቀረኛል። ምትኩ ሲገጠም ሴፍቲ ሞዱን በእጅ ማጥፋት አለብን?

ጦሳ ማዶ፦
አይደለም። ሴፍቲ ሞድ የሚይዘው ጥሪ የወጣበትን ባትሪ ብቻ ነው፤ ሌላ ባትሪ ሲገጠም መሙላት ይጀምራል። ካልጀመረ አጥፍተህ ቻርጀሩን ነቅለህ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፣ ቀጥለህ ቻርጀሩን ሰክተህ አብራ። አሁንም 0 ካለ የባትሪው መሰኪያ ሙሉ በሙሉ አልገባ ይሆናል፤ ጠጋኙ ሳይሄድ ይታይ። ከሞላ በኋላ ደግሞ ማረጋገጫ ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ በአዲሱ ባትሪ ላይ አስኪደው፤ ለብቻቸው የተሸጡ ባትሪዎችም ጥሪው ውስጥ ስላሉ ገበያ ላይ የተገኘው ምትክ ራሱ ከዚያው ወገን ሊሆን ይችላል።